ለአባታችሁ የሕይወት ታሪክ ስትጽፉ

ልጆቼ፣

ለቅሶ ቤት ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል፣ መኪና የሚያስመጣ ሰው አይጠፋም፤ እድሩ ያውቅበታል። የሚቸግረው የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ በዋዜማው ሌሊት “አንተ ተምረሃል” ተብሎ ለአንድ ወጣት ይሰጠዋል። እሱም ሌላ ቀብር ላይ የተነበበውን አምጥቶ ስሙን ይቀይርበታል።

“ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት” የሚለው አጀማመር ክፉ አይደለም፣ ተዉት። እኛን የእድር ጸሐፊዎችን የሚያሳዝነን “ባለትዳርና የ5 ልጆች አባት ነበሩ” የሚለው ነው። ዕድሜያቸውን ለቤተ ክርስቲያንና ለቤታቸው የሰጡ አባት በዚህች አንዲት መስመር አይሸኙም።

ለገጣፎ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ሰበታ ለሚኖር ቤተሰብ ችግሩ ይብሳል። አባት የተወለዱት ገጠር፣ ልጆች ያሳደጉት መሀል ከተማ፣ ያረፉት ደግሞ ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም ሊሆን ይችላል። አዲሱ ጎረቤት የሚያውቀው ጡረታቸውን ብቻ ነው። የድሮ ሰፈራቸው ሰው በአውቶቡስ መጥቶ ከቀብር በኋላ ይመለሳል፤ እሱን የምታገኙት በዚያች ቀን ስለሆነ ደብተር የያዘ አንድ ልጅ ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጥ። የትውልድ አገር ዘመድ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሣልስቱ ወይም ከዚያ ወዲያ ነው። ስለዚህ ለቀብሩ አጭር፣ ለአርባው የተሟላ ጽሑፍ አዘጋጁ።

“ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?” ብላችሁ ከጠየቃችሁ “ደግ ነበሩ” ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ይልቅ ኪዳን ለማድረስ ስንት ሰዓት ይነሡ እንደነበር፣ የሰንበቴ ተራቸው ሲደርስ ቤቱ እንዴት ይሰናዳ እንደነበር፣ ደመወዝ ሳይደርስ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲመጣ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠይቁ። ያስታረቋቸውን ባልና ሚስት ግን በስም አታንሡ። ንስሐ አባታቸውንም ስለ አገልግሎታቸው እንጂ ስለ ኑዛዜያቸው አትጠይቁ።

ጋብቻቸው በሰማንያ ውል ተጀምሮ ኋላ በቁርባን የጸና ከሆነ ሁለቱንም ዓመት ጻፉ። ባልና ሚስት ተመካክረው ለመቁረብ የበቁበት ቀን ከሠርጉ ቀን አያንስም፤ ይህን የሚዘል ጽሑፍ የክርስቲያን ትዳርን ታሪክ ጎደሎ ያደርገዋል።

የልደት ዓመት ላይ ተጠንቀቁ። የቆየ መታወቂያ ላይ ያለው ዓመት ብዙ ጊዜ በግምት የተሞላ ነው። ታላላቆችን በዘመን አስታውሷቸው፦ ጣሊያን ሲወጣ 1933፣ የታኅሣሡ ግርግር 1953፣ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 1967። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ስለሆነ የክርስትናው ቀን ከታወቀ ልደቱ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይገኛል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ ሰነድ ስትወስዱ ከመስከረም መግቢያችን እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ ማብቂያ 7፣ ከጥር መግቢያቸው ወዲህ 8 ዓመት ቀንሱ። ሁልጊዜ 8 የሚቀንስ ሰው የጥቅምት ልጅን ዕድሜው ላይ አንድ ዓመት ይጨምርበታል።

የልጆች ስም በልደት ቅደም ተከተል ይሁን። ወልደው ካሳደጓቸው ሌላ ያሳደጓቸውን አትርሱ። ከሁሉ በላይ የሚዘነጉት የክርስትና ልጆቻቸው ናቸው፤ ቀብር ላይ ቆመው ስማቸውን ሲጠብቁ ሳይነሣ ያልፋል።

የቀብሩ ጽሑፍ ከ400 ቃል አይብለጥ። ከፍትሐቱ በኋላ ሕዝቡ ቆሞ ነው የሚሰማው፣ ካህናቱም ግብአተ መሬቱ ይጠብቃቸዋል። ፊደሉን አጉልታችሁ በሁለት ቅጂ አትሙ፣ ገጹን ቁጠሩበት፣ ክረምት ከሆነ ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱት። አንባቢው ልጃቸው ባይሆን እመክራለሁ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ እንባ ይቀድመዋልና ሌላ ሰው ከመሀል ሊቀጥል ይገደዳል። የዘር ሐረጉን የሚያውቅ የወንድም ልጅ ወይም የማኅበር ጓደኛ ይሻላል።

የአርባውን ቀን ስትቆጥሩ ጳጉሜን አትዝለሉ። ያረፉበትን ቀን አንድ ብላችሁ ስትጀምሩ፣ ነሐሴ 10 ላረፈ ሰው አርባው መስከረም 14 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ግን መስከረም 13 ነው። ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ቀኑን ከንስሐ አባታቸው ጋር አመሳክሩ፤ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ሌላ ጾም ላይ ከዋለ የተዝካሩ ምግብ የጾም ይሆናል።

የአርባው ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ለእናታችሁ ቀስ ተብሎ ይነበብላቸው። የተዘለለ ስም፣ የተሳሳተ ዓመት ቢኖር ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ሐዘኑ ካደከማቸው በሁለት ቀን ከፋፍላችሁ አንብቡላቸው።