ከጠርዙ ጀምሩ

ልጆቼ፣

ክብ ዕቃ ውስጥ እኩል መጠን ያላቸው ኳሶች በአንድ ደርብ ሲደረደሩ ስንት ይሆናሉ ተብላችሁ ስትጠየቁ፣ ብዙዎቻችሁ የዕቃውን የወለል ስፋት አንዱ ኳስ ለሚይዘው የወለል ስፋት ታካፍላላችሁ። ጎንደር ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ይህን ስሌት በፈተና ወረቀት ላይ ሳየው ኖሬያለሁ። ማካፈሉ አይከፋም፤ ከዚህ በላይ አይሆንም የሚባለውን ቁጥር ያሳያችኋል። እዚያው መቆም ነው ክፉው።

ቅዳሜ ገበያ ውረዱና ብርቱካን ግዙ፤ እያንዳንዱ 7 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ዲያሜትሩ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የቆመ ትሪ ፈልጉ። 35 ለ7 ሲካፈል 5 ነው፤ የወለሉ ስፋት እንግዲህ 5 በ5 ሲባዛ የአንዱ ብርቱካን 25 እጥፍ ነው። ነገር ግን በብርቱካኖቹ መካከል ክፍተት ይኖራል። እንደ ማር እንጀራ አንዱ በስድስት ተከቦ ቢደረደር እንኳ ክቦች ከወለሉ 90.7 በመቶ ያህሉን ብቻ ይሸፍናሉ። መስመር በመስመር፣ በካሬ ከሆነ ደግሞ 78.5 በመቶ። 25ን በ0.907 ስታባዙ 22 ከምናምን ይመጣል። እሱም አይገባም!

ለምን? 90.7 ዳርቻ ለሌለው ሜዳ የተሰላ ቁጥር ነው። ትሪው ግን ዳርቻ አለው፤ ዳርቻው ግማሽ ብርቱካን አይቀበልም። ዕቃው ከኳሱ አንጻር ባነሰ ቁጥር ጠርዙ የሚበላው ድርሻ ይበዛል።

ስለዚህ ከጠርዙ ጀምሩ። ጠርዙን ተጠግተው የሚቀመጡት ብርቱካኖች መሃላቸው የሚያርፈው 14 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ባለው ክብ ላይ ነው። ጎረቤታሞች ከመሃል እስከ መሃል ቢያንስ 7 ሴንቲ ሜትር መራራቅ ስላለባቸው 12 ይቀመጣሉ፣ 13ኛው አይበቃውም። ውስጡ 21 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ እዚያ 6 በዙሪያ፣ 1 በመሃል። ድምሩ 19። 20ኛውን የፈለገ ወደ 36 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ትሪ ይግዛ።

ለጥድፊያ ጊዜ የምትይዙት ቀመርም አለ፦ የትሪውን ዲያሜትር ለኳሱ ዲያሜትር አካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ አባዙ፣ በ0.83 አባዙና 1.9 ቀንሱ። ለኛ ትሪ 18.85 ይሰጣል። ትሪው የኳሱ 10 እጥፍ ሲሆን 81 ይላል፤ እስካሁን የተገኘው ምርጥ ድርድር 80 ነው። 3 እጥፍ ሲሆን ግን 5 ተኩል ገደማ ይላችኋል፤ በእጃችሁ 7 ታስገባላችሁ። በትናንሽ ዕቃ አትመኑት።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ የ37ቱ ነገር ነው። በማር እንጀራ ድርድር 37 ኳሶች የኳሱን 7 እጥፍ የሚያህል ዕቃ ይጠይቃሉ። ውጪኛዎቹን 18 ግን ከጠርዙ ጋር አጉብጣችሁ፣ የውስጦቹንም ትንሽ አሸጋሽጋችሁ ብታስቀምጧቸው 6.76 እጥፍ ይበቃል። ሜዳ ላይ የሚያሸንፈው ድርድር ትሪ ውስጥ ተሸነፈ ማለት ነው። በ19ም እንዲሁ ነው፤ 4.864 እጥፍ ገደማ ይበቃል። ከዚያ ባነሰ እንደማይሆን ፌሬንስ ፎዶር የተባለ የሃንጋሪ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1999 አረጋግጧል። ከዚያ በላይ ያሉት ቁጥሮች አብዛኞቹ በኮምፒውተር ፍለጋ የተገኙ እንጂ ማረጋገጫ የላቸውም።

ስትለኩ አንድ ብርቱካን ብቻ አትለኩ። አሥሩን በመስመር አስጠግታችሁ ርዝመቱን ለ10 አካፍሉ። አማካዩ 7 መሆኑ ቀርቶ 7.25 ሆኖ ከተገኘ፣ በዚያው ትሪ ላይ የሚገባው 19 ሳይሆን 17 ነው። 18 እንኳ አይሆንም፤ እስከ ዛሬ በሚታወቀው ድርድር ለ18 የሚበቃው ትንሹ ትሪ ለ19 ከሚበቃው ጋር እኩል ነውና።