ከአሜሪካ የሚመጣው ፕሌስቴሽን ድሬ ላይ ይቃጠላል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ወንድምሽ ከአሜሪካ ለልጅሽ ፕሌስቴሽን 5 ሊልክ ነው። ሰፈር ውስጥ «የአሜሪካ ዕቃ እዚህ ይቃጠላል» ብለው አስፈራርተውሻል። እሱ ደግሞ ዲስክ የማይወስደው ይረክሳል፣ እሱን ልግዛ ይላል። እኔ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ሦስት ዓመት ጌም ቤት ከፍቼ ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

መቃጠሉ አያስፈራሽ። ሰዎቹ ግን ዝም ብለው አላወሩም። የአሜሪካ የቤት መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እናቴ ከዚያ የተላከላትን የቡና መፍጫ በሰካችበት ቅጽበት ሲጨስ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። መፍጫው ለ120 ብቻ የተሠራ ነበር። ፕሌስቴሽን 4 እና 5 ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፣ ስለዚህ ትራንስፎርመር አትግዢ። የሚቀየረው ገመዱ ብቻ ነው። የአሜሪካ ስፒና ጠፍጣፋ ስለሆነ ሶኬታችን ውስጥ አይገባም። ታይዋን ገበያ ገብተሽ ጫፉ 8 ቁጥር የሚመስለውን፣ የድሮ ቴፕ ላይ የምናውቀውን ገመድ በይ፣ ይሰጡሻል።

አደጋው ያለው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው። አንድ ፕሌስቴሽን 4 የሞተብኝ መብራት በአንድ ከሰዓት ሦስቴ ሄዶ በተመለሰበት ቀን ነበር። ስታቢላይዘር ያስፈልግሻል። መብራት ሲጠፋ ልጅሽ ስፒናውን ይንቀል፣ ሲመለስም ትንሽ ይታገስ።

ሙቀቱን ደግሞ ወንድምሽ አያስበውም፣ እሱ ያለበት ቤት ሌላ ነው። አምራቹ ማሽኑ ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ እንዲሠራ ነው የሚመክረው። የድሬን ግንቦትና ሰኔ ታውቂዋለሽ፣ በቀን 35 ማለፉ ብርቅ አይደለም። ቡፌ ውስጥ፣ መስታወት ተዘግቶበት፣ ዳንቴል ለብሶ እንዳይቀመጥ አደራ! ከግድግዳው ራቅ አድርጊው። ወለል ላይም አይሁን፣ አሸዋና አቧራውን ይስበዋል። እኔ ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ማሽኖቹን አጠፋ ነበር። ደንበኛ ሲቆጣ «አቦ፣ ማታ ና» እለዋለሁ። ማታ መጥቶ እስኪበቃው ይጫወታል።

አሁን ዋናው። እባክሽ ዲስክ የሚወስደውን ይግዛልሽ። አሜሪካ ቤት ውስጥ የማያልቅ ኢንተርኔት ስላለ ሰው ጌም የሚገዛው ከሶፋው ሳይነሳ ነው፣ ማታ አዝዞት ተኝቶ ጠዋት ወርዶ ያገኘዋል። እዚህ አንድ የኳስ ጌም 40 እና 50 ጊጋ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ነሐሴ 2014 ሳፋሪኮም ሥራውን በእኛው ከተማ ሲጀምር አማራጫችን ሁለት ሆነ፣ ጥሩ ነው። ቢሆንም ያን ያህል በሞባይል ዳታ ማውረድ ለቤተሰብ ከባድ ወጪ ነው። አጎቴ ለልጆቼ የላከልን ዲስክ የሌለው ነበር። የመጀመሪያውን ጌም ለማውረድ አራት ሌሊት ፈጀን።

ዲስክ ግን ሰፈር ይዞራል። አንዱ ልጅ የመኪና ውድድር አለው፣ ሌላው ኳስ አለው፣ ሳምንት ተዋውሰው ይመልሳሉ። ሲሰለቻቸው ይሸጡታል፣ ወይም ትንሽ ጨምረው በሌላ ይቀይሩታል። ልጅሽ ጓደኛ የሚያፈራበትም መንገድ ነው፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ዲስኩም ቢሆን ማሻሻያ ለማውረድ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ግን አብዛኛውን ጌም ያለሱም መጫወት ይቻላል። ወንድምሽ ዲጂታሉን፣ ማለትም ዲስክ የማይወስደውን፣ ገዝቶ ከሆነ አትዘኚ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ቀጭኑ ከሆነ ዲስክ ማንበቢያው ለብቻው ይሸጣል። መጀመሪያ ሲገጠም አንዴ ኢንተርኔት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዲጂታል ላይ ግን አይገጠምም።

የፕሌስቴሽን አካውንቱን ስትከፍቱ አገር ይጠይቃል፣ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። አሜሪካ በሉት። ያኔ ወንድምሽ እዚያ የፕሌስቴሽን ጌም መግዣ ካርድ ገዝቶ ቁጥሩን በቴሌግራም ይልክላችኋል። የአሜሪካ ካርድ የሚሠራው በአሜሪካ አካውንት ላይ ብቻ ነው። እኛ ገበያ ያለው ዲስክ ብዙው በዱባይ በኩል የሚመጣ ነው። ጌሙ ራሱ ያለችግር ይከፍታል፣ በካርዱ የሚገዛው ተጨማሪ ነገር ግን ከዚያ ዲስክ ጋር ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ልጅሽ በጣም የሚወደውን አንድ ሁለት ዲስክ ከዚያው ከአሜሪካ ይላክለት።

ወንድምሽ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የካርቶኑን ፎቶ ይላክልሽ። «ዲጂታል ኤዲሽን» የሚል ጽሑፍ ካለው ዲስክ አይወስድም ማለት ነው። እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።