ቦሎ ስለ መኪናዋ ምን ያህል ይናገራል?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የምኖር መምህር ነኝ። ከወንድሜ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ለቤተሰብ የምትሆን አንዲት ያገለገለች ቶዮታ ኮሮላ ለመግዛት ከአንድ የሐረር ሻጭ ጋር በደላላ አማካይነት ተገናኝተናል። መኪናዋ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2007 ሥሪት ናት፤ ሰሌዳዋም የሐረሪ ክልል ኮድ 2 ነው። ሻጩ ላለፉት አራት ዓመታት ድሬዳዋ ወዳለው ሥራቸው በየቀኑ ሲመላለሱባት እንደቆዩና አንድም ቀን አስቸግራቸው እንደማታውቅ ነግረውናል። ቆጣሪዋ 94,000 ኪሎ ሜትር ያሳያል። ያለፉትን ዓመታት የምርመራ ወረቀት እንዲያሳዩን ስንጠይቅ ግን ደላላው ጣልቃ ገብቶ «ቦሎዋ የዘንድሮ ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለን። ለመሆኑ ቦሎ ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው? የቀድሞውን የምርመራ ታሪክ ከየት ማግኘት እንችላለን? ከገዛን በኋላ ጉድለት ቢገኝባትስ መብታችን ምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወደ ቦሎው ከመሄዳችን በፊት በራስዎ ደብዳቤ ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር ቆም ብለን እንድናሰላ አድርጎናል። ከሐረር ድሬዳዋ በደንገጎ በኩል 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 110 ይሆናል። በዓመት ውስጥ ያሉት የሥራ ቀናት 250 ናቸው ብንል ሰውየው በአንድ ዓመት ብቻ 27,500፣ በአራት ዓመት ደግሞ 110,000 ኪሎ ሜትር ነድተዋል ማለት ነው። ቁጥሩ ወደ ኋላ የተመለሰው እርሳቸው ከመግዛታቸው በፊት ነው እንዳንል፣ መኪናዋን ከዜሮ ተረክበዋት ቢሆን እንኳ ቆጣሪው ዛሬ ከሚያሳየው በላይ መሆን ነበረበት። ይህን ስንል ሻጩን ዋሾ ማለታችን አይደለም። አንዳንድ ቀን በሕዝብ ማመላለሻ ሄደው ይሆናል፤ ቆጣሪው ተበላሽቶ ቆሞ የነበረበት ወይም በሌላ የተተካበት ጊዜም ሊኖር ይችላል። ሆኖም «በየቀኑ» የሚለው ቃልና 94,000 የሚለው ቁጥር አብረው ሊሄዱ ስለማይችሉ አንዱ መታረም አለበት፤ የትኛው እንደሆነ ሻጩን በትሕትና ይጠይቁ። ዘይት በተቀየረ ቁጥር በሞተሩ ክፍል ወይም በበሩ ጠርዝ ላይ የምትለጠፈው ትንሽ ወረቀትና የጋራዥ ደረሰኞች ቀንና ኪሎ ሜትር የተጻፈባቸው ከሆኑ ለዚህ ጥያቄ ከማንኛውም ማስረጃ የተሻለ መልስ ይሰጣሉ።

ወደ ቦሎው ስንመለስ፣ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋሉ። ምርመራው በዋናነት የሚያየው ፍሬንን፣ መብራትን፣ መሪን፣ ጎማንና ጭስን የመሳሰሉ ለመንገድ ደኅንነት የሚያስፈልጉ ነገሮችን ነው። ስለዚህ በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው ቦሎ መኪናዋ በዚያን ቀን መመዘኛውን ማለፏን ይነግርዎታል እንጂ ሞተሯ ዘይት ይበላ እንደሆነ፣ ካምቢዮዋ ተፈትቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ወይም ተገልብጣ ተቀጥቅጣና ተቀብታ እንደሆነ አይነግርዎትም። ለምርመራው ቀን ብቻ ደህና ጎማ ተውሶ የሚያስገጥም ሰውም አይጠፋም። የደላላው አነጋገር ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ የአንድ ቀን ውጤትን የአሥር ዓመት ታሪክ አድርጎ አቅርቦታል።

ታሪኩ የሚገኘው በመኪናዋ ፋይል ነው። ሰሌዳዋ የሐረሪ በመሆኑ ፋይሉ ያለው ሐረር፣ ተሽከርካሪዋን በመዘገበው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ቢጠይቁ አያገኙትም። እርስዎ ብቻዎን ሄደው የሌላ ሰው ፋይል ይታየኝ ቢሉ ተቀባይነት ስለማይኖረው ሻጩ በአካል አብረውዎት ሊቀርቡ ይገባል። ንጹሕ ንብረት የሚሸጥ ሰው ለዚህ ግማሽ ቀን አይሰስትም፤ ሰበብ ከበዛ ግን ሰበቡ ራሱ መልስ ነው። ፋይሉ ሲከፈት በመጀመሪያ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር፣ ቀጥሎም በመኪናዋ አካል ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። የሻንሲ ቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ ምልክት ወይም ከሌላው ክፍል የተለየ ቀለም ካለበት ነገሩን እዚያው ያቁሙት። ሞተር ተቀይሮ ከሆነ ቅያሬው የተመዘገበ መሆን አለበት። መኪናዋ ስትገባ ቀረጥ የተከፈለባት ይሁን ወይም ከቀረጥ ነፃ የገባች ይሁን፣ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እግድ ይኑርባት አይኑርባት የሚታወቀውም ከዚያው ነው።

ብዙ ገዢ የሚዘልለው ግን ምርመራ ያልተደረገባቸውን ዓመታት ነው። ቦሎዋ በየዓመቱ ሲታደስ ቆይቶ መሐል ላይ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ከተቋረጠ መኪናዋ በዚያ ጊዜ የት ነበረች ብለው ይጠይቁ። ባለቤቱ ታመው ወይም ውጭ አገር ሄደው ቆማ ሊሆን ይችላል፤ በከባድ ግጭት ምክንያት ጋራዥ ከርማ ወይም በክርክር ተይዛ ቆይታም ሊሆን ይችላል። ከግጭት በኋላ የተሠራች መኪና ሁሉ አትገዛ አንልም፤ ዋጋዋ ግን እንደ ሌላዋ ሊሆን አይገባም።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ እርስዎ የመረጡት እንጂ ደላላው የጠቆመው ያልሆነ መካኒክ ይያዙ። ወደ ድሬዳዋ ስትመላለስ ለኖረች መኪና የጎርፍ ነገር መታየት አለበት። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ክረምት ያደረሰውን ጉዳት የከተማው ሰው አይረሳውም፤ ከዚያ ወዲህም ውኃ የገባባቸው መኪኖች ታጥበውና ተወልውለው ገበያ ሊወጡ ይችላሉ። ምንጣፉን አንሥተው፣ የትርፍ ጎማውን ማስቀመጫ ከፍተው፣ የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው ይመልከቱ፤ ደለል እዚያ ተደብቆ ይቀራል። የጅቡቲን የባሕር አየር ስትቀበል የኖረች መኪና ደግሞ ዝገቷን ከሥር ትደብቃለች።

የመንገድ ሙከራውን ከድሬዳዋ ጀምረው በደንገጎ በኩል ያድርጉት። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ሐረማያ አካባቢ 2,000 ሜትር ያህል የሚደርሰው አቀበት፣ በተለይ በቀትር ፀሐይ፣ የራዲያተርን ድካም ይገልጣል፤ የሙቀት መለኪያው ከወትሮው ቦታ ከተነቃነቀ ልብ ይበሉ። ሲመለሱ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬን ሲይዙ መሪው የሚንቀጠቀጥ ወይም መኪናዋ ወደ አንድ ወገን የምትሳብ ከሆነ የዘንድሮው ቦሎ አይመልስልዎትም። ዕድሜ ብቻውን አያስፈራዎት፤ የሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎች ከፈረስ መጋላ እየተነሡ ስንት ዘመን ተሳፋሪ እንዳመላለሱ ያውቃሉ።

ስለ መብትዎ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዛል። ይሁን እንጂ በውሉ ጊዜ ያወቁትን ወይም ዐይን ላይ ያለ ሆኖ በከባድ ቸልተኝነት ያላዩትን ጉድለት ኋላ አንሥተው ለመክሰስ ያዳግትዎታል። በመሆኑም የቆጣሪው ንባብ፣ ሻጩ ስለ ግጭትና ስለ ሞተር ቅያሬ የሰጡት ቃል በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ፤ ድብቅ ጉድለት ሲያገኙም ሳይውሉ ሳያድሩ ለሻጩ ያሳውቁ። በውክልና ብቻ ገዝቶ መንዳት የተለመደ ቢሆንም አይሞክሩት፤ ውክልና ሰጪው ቢሞቱ ውክልናው አብሮ ይቀራልና ስሙን በወቅቱ ያዛውሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆኑ የትዳር ጓደኛቸውም ይፈርሙ።

በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያገለገሉት ዋጋቸው ስለተወደደ ደላላው «ነገ ሌላ ሰው ይወስዳታል» ማለቱ አይቀርም፤ ቀብድ አስይዙ ማለቱም አይቀርም። በሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እንግዲህ ፋይሉ ሐረር ተከፍቶ ሳይታይ፣ የ110,000 ኪሎ ሜትሩም ጥያቄ ሳይመለስ አንድ ብር ቀብድ አይስጡ።