እየታጠፈ የሚያዝ የሕፃን ምንጣፍ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሕፃናት ወለል ላይ ስለሚውሉበት ምንጣፍ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ሰፊ ቦታ ወስዷል፤ ልኩን ይዞ በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊ መሄድ እንዲቻል ሙሉውን ጽፈነዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ አምስት ወሯ ነው፤ መገላበጥ ጀምራለች። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ወለሉ ሴራሚክ ነው። ቅዳሜና እሑድ ስድስት ኪሎ እናቴ ቤት ስለምንውል፣ በታክሲ የሚያዝና የሚታጠብ ምንጣፍ ላሠራላት አስቤያለሁ። ሶፋ ሰሪው አምስት ሳንቲ ሜትር ለስላሳ ስፖንጅ ይሻላል ይለኛል። እውነት ነው? እንዴትስ ይሰፋ? (እናት፣ ከልደታ)

መልስ፦ በዚህ አይስማሙ። ለሶፋ የሚመች ስፖንጅ ለሕፃን አይመችም። ልጅዎ በሆዷ ተኝታ ቀና ልትል ስትሞክር ክርኗ ይሰምጣል፤ የምትደገፍበት ስታጣ ቶሎ ትደክማለች። ስትደክም ፊቷ የሚያርፈው በጎደጎደው ስፖንጅ ውስጥ ነው፤ አፍና አፍንጫዋ የሚታፈነው ያኔ ነው። ከመውደቅም ቢሆን አያድናትም። ከተቀመጠችበት ወደ ኋላ ስትወድቅ ለስላሳው ስፖንጅ ጭንቅላቷ ባረፈበት ቦታ እስከ ታች ይጨፈለቅና ሴራሚኩ ያገኛታል። ስለዚህ ስለ ውፍረቱ ከመጠየቅዎ በፊት ስለ ጥንካሬው ይጠይቁ።

የምንመክረው በድምሩ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ሁለት ንብርብር ያለው ምንጣፍ ነው። ከታች ውሃ የማይመጥ፣ ለስፖርት የሚነጠፈው ዓይነት የ1 ሳንቲ ሜትር ፎም ይሁን፤ ከላይ ደግሞ የ2 ሳንቲ ሜትር ጠንካራ ስፖንጅ። የታችኛው የወለሉን ቅዝቃዜና እርጥበት ይመልሳል፤ ስፖንጁ ተጨፍልቆ ሲያልቅ ጉልበቱን የሚቀበለውም እሱ ነው። ቦታቸውን አያቀያይሩ፤ ስፖንጁ ከታች ከዋለ የወለሉን እርጥበት መጥጦ ክረምት ላይ ይሻግታል።

ስፖንጁን ሲገዙ በሚዛን ይፈትኑት። ለአንድ ክፍል የሚሆነው ቁራጭ 41 በ91 በ2 ሳንቲ ሜትር ነው። በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ከሚመዝን ስፖንጅ የተቆረጠ ከሆነ 224 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሚዛኑ 130 ግራም ካሳየ ሳሳ ያለ ነውና ጎድጉዶ ይቀራል፤ ይመልሱት። ክብደት ግን ዕድሜውን እንጂ ጥንካሬውን ለብቻው አይናገርም። ስለዚህ ሁለቱን ንብርብሮች ደርበው አንድ ሊትር ውሃ የሞላ ጠርሙስ ያቁሙበት። ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ከሰመጠ ለስላሳ ነው። ከምናለሽ ተራ የተገኘ አሮጌ ስፖንጅ ርካሽ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይግዙት፤ ምን እንደፈሰሰበትና ምን እንደተኛበት አይታወቅም።

መጠኑ ሲዘረጋ 120 በ90፣ እያንዳንዳቸው 40 በ90 የሆኑ ሦስት ክፍሎች ያሉት ይሁን። በስድስት ወር ብዙ ሕፃናት ከ65 እስከ 68 ሳንቲ ሜትር ይረዝማሉ፤ 90ው ስፋት ከራስና ከእግር በኩል ቦታ ይተርፈዋል፣ 120ው ደግሞ ለመገላበጫ ይሆናል። ሲታጠፍ 40 በ90፣ ከፍታው 9 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሚኒባስ ውስጥ በጉልበትዎ መካከል ይቆማል። 90 በ190 የሆነ የነጠላ አልጋ ስፖንጅ አራት ቁራጭ ስለሚያወጣ አራተኛውን ለመለወጫ ያስቀምጡት።

ስፖንጁን 41 በ91፣ የታችኛውን ፎም ግን ልክ 40 በ90 አድርገው ይቁረጡ። ስፖንጁ በአንድ ሳንቲ ሜትር የሚበልጠው ልባሱን ወጥሮ እንዲይዝ ነው። ልባስ ከላላ ይሸበሸባል፤ የተሸበሸበ ጨርቅ ደግሞ ልጅቷ አፏ ውስጥ የምትከተው ነው።

ለልባሱ ወፍራም ካኪ ወይም ቀጭን ሸራ ይሆናል። ስፋቱ 150 ከሆነ 2 ሜትር ከ60 ይበቃል። ከመቁረጥዎ በፊት አጥበው ያድርቁት፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ ሳይታጠብ ከተሰፋ በኋላ ስፖንጁ አልገባ ይላል። ስፌቱ በየጠርዙ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል ብለን ስናሰላ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የላይኛው ጨርቅ 43 በ93፣ የታችኛው 23 በ93 የሆኑ ሁለት ቁራጮች፣ የጎኑ ደግሞ 6 በ263 የሆነ ጥብጣብ ነው። ጥብጣቡ ቢቀጣጠል ችግር የለውም። ሁለቱን የታችኛ ቁራጮች 80 ሳንቲ ሜትር ዚፕ ያገናኛቸዋል። ዚፑ ሆድ ላይ፣ ማለትም ወለሉን በሚነካው በኩል ስለሚሆን የልጅ እጅ አያገኘውም፤ ያም ሆኖ መጎተቻዋን ብረት ያስቆርጧት። ሶፋ ሰሪዎች እንደሚያደርጉት በወረቀት ማያያዣ ሽቦ ጎትተው ይከፍቱታል።

አሁን ብዙ ልብስ ሰፊ የሚሳሳትበት ነገር ላይ ደርሰናል። ሦስቱን ክፍሎች በአንድ ትልቅ ልባስ ውስጥ ከትተው መካከሉን ቢሰፉት ይቀላል፤ ነገር ግን እንዲታጠፍ በየመካከሉ የ3 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦይ መተው ግድ ይሆናል። ቦዩ ስፖንጅ የለውም፤ ጉልበቷ ወይም ጭንቅላቷ እዚያ ሲያርፍ ወለሉ ላይ ነው ያረፈው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ልባስ ይኑረው፤ እንደ መጽሐፍ መገጣጠሚያ በሚሆን የጨርቅ ማጠፊያም ይያያዙ። አንደኛና ሁለተኛው ክፍል ከላይኛው ጠርዝ፣ ሁለተኛና ሦስተኛው ከታችኛው ጠርዝ ይያያዛሉ። እንዲህ ሲሆን ምንጣፉ በተቃራኒ አቅጣጫ እየታጠፈ ይደራረባል፤ ሲዘረጋም ክፍሎቹ ጎን ለጎን ገጥመው ይተኛሉ። ለማጠፊያው 7 በ88 የሆኑ ሁለት ጨርቆች ቆርጠው በቁመታቸው ለሁለት ያጥፏቸው። 3.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይወጣል፤ በየጎኑ 1.5 ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ለመታጠፊያ ይቀራል።

አሰፋፉ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦ መጀመሪያ ዚፑ ከታችኛው ጨርቅ ጋር፣ ቀጥሎ ማጠፊያው ከጠርዙ ጋር በእጅ ተሸልሎ፣ ከዚያ ጥብጣቡ ከላይኛው ጨርቅ ጋር፣ በመጨረሻ የታችኛው። የመጨረሻውን ስፌት ከመዝጋትዎ በፊት ዚፑን በከፊል ይክፈቱት፤ ከተረሳ ልባሱን የሚገለብጡበት ቀዳዳ የለም፤ መፍታት ነው። ክሩ ፖሊስተር፣ የስፌት ርዝመቱ 3 ሚሊ ሜትር፣ መርፌው ለሸራ ቁጥር 16 ይሁን። ጠርዙ ሁለት ጊዜ ይሰፋ። እስፒል ሲጠቀሙ ስንት እንደሰኩ ይቁጠሩ፤ ሲነቅሉም ቁጥሩ ካልገጠመ ማግኔት ሳያሳልፉበት ልጅ አይተኛበትም።

ከላይ አንድ ታጣቢ ሽፋን ያስፈልጋል፤ በሁለተኛና በሦስተኛው ክፍል መካከል ያለውን ስንጥቅ የሚሸፍነውም እሱ ነው። ቀድሞ ከታጠበ የጥጥ ጨርቅ 142 በ112 ይቁረጡ። ይህ በየጎኑ 3 ሳንቲ ሜትር ለምንጣፉ ውፍረት፣ 6 ወደ ሆዱ ለመታጠፍ፣ 2 ለቅምቅማት ይሰጣል። በቬልክሮ ይያያዝ፤ ሻካራው ወገን ምንጣፉ ሆድ ላይ፣ ለስላሳው ሽፋኑ ላይ። ተገላቢጦሽ ከሆነ ሻካራው በእጥበት ጊዜ ሌሎች ልብሶችን ይቦጫጭቃል፤ የልጅ ቆዳም ይፍቃል። ሁለት ሽፋን ቢኖር አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይነጠፋል።

ሽንት ስፖንጁ ላይ እንዳይደርስ የሚፈልጉ ሰዎች ሙሽማ ያለብሱታል። ከላይና ከጎን ብቻ ይሁን፤ ከታች ክፍት ይተዉት። ዙሪያውን የታሸገ ስፖንጅ አየሩ መውጫ ስለሌለው እንደ ፊኛ ይነፋል፤ ስፌቱን ይተረትራል፤ የገባው እርጥበትም አይወጣም። ቀጭን ፌስታል ወይም ስስ ፕላስቲክ በምንም መልኩ አይጠቀሙ። ወጥቶ እጇ ከገባ ፊት ላይ ተለጥፎ ያፍናል።

ምንጣፉ ላይ ቁልፍ፣ ጥልፍ ዶቃ፣ ማሰሪያ ገመድ አይኑር። በዓለም አቀፍ የአሻንጉሊት መመዘኛዎች ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት፣ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የመለኪያ ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ዕቃ ማነቂያ ነው ተብሎ ይወገዳል። ለመያዣ ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ ሁለት ቀለበት አድርገው ያሰፉ፤ ዙሪያው 85 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የታጠፈውን ምንጣፍ አጥብቆ ይይዛል። ቀለበቶቹን በአጭር እጀታ ያገናኟቸው። ከምንጣፉ ጋር ግን አይሰፉ፤ ሲዘረጋ አውልቀው ቁም ሣጥን ላይ ያስቀምጧቸው።

ሴራሚክ ላይ እንዳይንሸራተት የጎማ መረብ ከሥሩ ያንጥፉ፤ ወለሉንም ቀድመው ይጥረጉ። አቧራ ካለ መረቡም አይዝም።

ጥያቄ፦ መርካቶ ባለ ቀለም፣ ተገጣጣሚ የፎም ምንጣፍ ገዛሁ። ሽታው ከባድ ነው። ልጅ ይተኛበት? (አባት፣ ከሰንጋተራ)

መልስ፦ ገና አይደለም። እንዲህ ያለው ፎም ሲሠራ ፎርማማይድ የሚባል ኬሚካል ሊቀርበት ይችላል፤ ቤልጂየም በ2010 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ተገጣጣሚ ምንጣፎችን በዚሁ ምክንያት ከገበያ አስወጥታለች። ኬሚካሉ በአየር ስለሚወጣ ክፍሎቹን ለያይተው፣ በረንዳ ላይ ጥላ ውስጥ ለብዙ ቀን ያናፍሷቸው። ሽታው ካልለቀቀ ይተዉት፤ ዋጋው ቢያንገበግብም። ቢለቅም እንኳ ፊደልና ቁጥር ተቀርጾባቸው የሚወልቁትን ክፍሎች ያስወግዱ። ጥርስ የጀመረ ልጅ ጠርዙን ነክሶ ይቆርሳል፤ የተቆረሰ ቦታ ያለውን ክፍል ያውጡት።

ጥያቄ፦ ምንጣፉ ዙሪያ ጥቅል ትራስ ብሰፋበት አይወድቅም፤ ማታም እዚያው ቢያድርስ? (አያት፣ ከተክለ ሃይማኖት)

መልስ፦ እማማ፣ ትራሱን ይተዉት። ተገላብጦ ፊቱን ትራሱ ላይ የደፋ ሕፃን መልሶ ማዞር ሊያቅተው ይችላል። አሜሪካ በግንቦት 2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ በሕፃን አልጋ ዙሪያ የሚታሰሩ ለስላሳ መከላከያዎች እንዳይሸጡ የከለከለችው ለዚህ ነው። ምንጣፉ ወለል ላይ ስለሆነ ከዳሩ ቢወርድ የሚወድቀው 3 ሳንቲ ሜትር ነው።

ለማደሪያም አይሁን። እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሕፃን በጀርባው፣ ጠንካራና ጠፍጣፋ በሆነ የራሱ መኝታ ላይ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ጋቢ መተኛት አለበት። የብርድ ነገር ካሳሰበዎት ልብሱን ይደርቡለት እንጂ ብርድ ልብስ አይጣሉበት። በሆዱ የሚተኛው ነቅቶ፣ ሰው እያየው ብቻ ነው፤ ሰባት ሳምንት ሲሞላው በቀን በድምሩ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ እንዲደርስ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ይመክራል። ምንጣፉ የተሠራው ለዚህ ነው። እዚያው ካንቀላፋ አንሥተው መኝታው ላይ በጀርባው ያስተኙት።

ጥያቄ፦ አንድ ክፍል ቤት ነው ያለን፤ ወለሉ ሊሾ ነው። ቡና የምናፈላውም እዚያው ነው። ምንጣፉን የት ላድርገው? (እናት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ከከሰሉ በጣም ርቆ፣ በሩ ባለበት ሳይሆን ሰው በማይረማመድበት ማዕዘን። ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። ስፖንጅ እሳት ከያዘው በፍጥነት ይነዳል፤ ጭሱም መርዛም ነው። ፍንጣሪ ብቻ ይበቃዋል። ለቃጠሎው የከፋው ግን ጀበናው ነው። መዳህ የጀመረ ልጅ እናቱ ስኒ እስክትቀዳ ረከቦቱ ጋ ይደርሳል፤ ምንጣፍ አጥር አይደለም። 2 ሜትር ካልተገኘ ቡናው እስኪያልቅ ልጁን የማትቀዳ ሴት በአንቀልባ ትዘለው፤ ምንጣፉም ታጥፎ ይቀመጥ። ሲኒ የያዘ ሰው ልጅ አይቀፍ። ከሰል በሚነድበት ቤት ዝናብ ቢጥልም መስኮት ይከፈት፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሕፃንን ከአዋቂ ቀድሞ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ከሥሩ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። ምን ላድርግ? (አባት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ሻጋታ ነው። ሌሊት ወለል ላይ ተነጥፎ ስላደረ ከሥሩ ጤዛ ያዘ ማለት ነው። ልባሱን ብቻ ከነካ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ይታጠባል። ስፖንጁ ውስጥ ከገባ ግን ታጥቦ አይለቅም፤ ያንን ቁራጭ ይጣሉና በመለወጫው ይተኩት። ከእንግዲህ ማታ ማታ ምንጣፉን በጎኑ አቁመው፣ ክፍሎቹን ገርበብ አድርገው ያሳድሩት። ስፖንጅ ሲያደርቁ ንፋስ ባለበት ጥላ ይሁን፤ ጠራራ ፀሐይ ያቢጨዋል፣ ውሎ አድሮም ዱቄት ያደርገዋል።