ጥያቄና መልስ ለፎቶ አንሺዎች

ጥያቄ፦ ክበባችን ለፎቶ ዓውደ ርዕይ 20 ፎቶዎች መርጦ በ30 በ45 ሳንቲ ሜትር አሳተመ። ስልክ ላይ ጥርት ያሉት ታትመው ሲመጡ ግማሾቹ ደብዝዘዋል፣ የአንዳንድ ሰው ራስ ተቆርጧል፣ ሁሉም ጠቆር ብለዋል። ፎቶዎቹን የሰበሰብነው በቴሌግራም ነው። ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ ይሆን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ማተሚያ ቤቱን ለመውቀስ አትቸኩሉ። ሦስቱ ችግሮች ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች አሏቸው።

መደብዘዙ ከአላላኩ ነው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፤ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል (የፎቶ ነጥብ) ይወርዳል። ይህ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 72 ነጥብ ብቻ ነው። እጅ ላይ ተይዞ ለሚታይ ህትመት 300፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ራቅ ብሎ ለሚታይ 200 ይፈለጋል። 200 ማለት በረጅሙ ጎን 3543 ፒክስል ነው፤ 4000 በ3000 የሚያነሳ ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ ያለ ችግር ይወጣዋል። የተላከውን መልሶ ማሳደግ የጠፋውን አይመልስም። ባለቤቶቹ ኦርጅናሉን በ«ፋይል» ይላኩ፤ ካልሆነ በፍላሽ ያምጡ። ሰብሳቢው የእያንዳንዱን ፎቶ የፒክስል መጠን ከፍቶ ሳይመለከት አይቀበል።

ራስ የተቆረጠው የስልክ ፎቶ ቅርጹ 4 ለ3፣ ወረቀቱ ደግሞ 3 ለ2 ስለሆነ ነው። ከአጭሩ ጎን ከ9 እጅ አንዱ ይቆረጣል። ወይ ራሳችሁ ቆርጣችሁ ላኩ፣ ወይ 30 በ40 አሳትሙ።

መጥቆሩ? የስልክ ስክሪን ከውስጥ ያበራል፣ ወረቀት ግን የሚያርፍበትን ብርሃን ብቻ ይመልሳል። የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ አውርዳችሁ ፎቶውን አስተካክሉ፤ ከዚያ ሁለት ሦስቱን በ10 በ15 አሳትማችሁ በሚሰቀሉበት አዳራሽ ውስጥ እዩዋቸው። የ20ውን ወጪ ከማውጣት በፊት ይህቺ ትንሽ ወጪ አትቆጭም።

ጥያቄ፦ ጓሳ ላይ ጭላዳ ሳነሳ ፊቱ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል፤ ሰማዩ ግን ያምራል። (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ጠዋት ወደ አፋፉ ይወጣል፤ እርስዎም ያነሱት እዚያው፣ ሰማይን ከጀርባው አድርገው ይመስላል። ካሜራው ሰማዩን ዓይቶ ብርሃኑን ቀንሶታል። ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን የ+/− ቁልፍ ወደ +1 ይውሰዱ፤ ወይም የካሜራውን ብርሃን መለኪያ አንድ ቦታ ብቻ ወደሚለካው «ነጥብ» (spot) ለውጠው ፊቱ ላይ ያሳርፉ። ሰማዩ ትንሽ ቢነጣ ግድ የለም፣ ዓይን የሌለው ጭላዳ ግን ፎቶ አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው ፀሐይን ከጎንዎ ማድረግ ነው፤ ያኔ ዓይኑ ውስጥ ነጥብ ብርሃን ትገባለች፣ ጎፈሩም ጸጉር በጸጉር ይለያል። ጭላዳዎቹ እንደወጡ ፀሐይ እየሞቁ ስለሚቀማመሉ ብዙ አይንቀሳቀሱም፤ ያ ሰዓት አያምልጥዎ። ለማንሻ ፍጥነቱ 1/500 ሰከንድ ይበቃል፤ ሲጣሉ ግን 1/1000 ያድርጉት። ለማስጠጋት ብሎ ምግብ መወርወር ነውር ነው፤ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዘው ተቀምጠው ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ጣርማ በር በማለዳ አንስቼ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ሌንሱ ላብ ያወጣል። ተበላሽቶ ነው? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ አልተበላሸም። ብርዱን የጠጣው መስታወት ቆላው ሙቅ አየር ላይ ሲከፈት እርጥበቱ ይረጋበታል። ገና ደጋው ላይ ሳሉ ባትሪውንና ሜሞሪውን አውጥተው፣ ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አስገብተው አፉን አጥብቀው ይሰሩና ቦርሳ ውስጥ ይክተቱት። ቆላ ሲደርሱ አንድ ሰዓት ያህል ሳይከፍቱ ይቆዩ፤ ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ከረጠበ አይጥረጉት፣ ምድጃ አጠገብም አያስቀምጡት፤ ሌንሱን አያውልቁ። ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚሉትን አይስሙ፣ ዱቄቱ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። እርጥበቱ ውስጥ ገብቶ በማግስቱም ካልለቀቀ ሻጋታ ሳይጀምረው ለባለሙያ ያሳዩ።

ባትሪው ብርድ ላይ ቶሎ ካለቀ ደግሞ አይጣሉት፤ ብብት ሥር ትንሽ ሲሞቅ ጥቂት ፎቶ ያነሳል።