ስሙን ወረቀቱ ላይ የማይጽፍ ሰው

በቅርቡ አንድ ልጅ ቢሮዬ መጣ። የአሜሪካ ጦር ውስጥ ስድስት ዓመት አገልግሎ ወጥቷል። ጀርባውን ያመዋል፣ ጆሮው ሌት ተቀን ይጮህበታል። ስልኩን አውጥቶ የፈረመውን ውል አሳየኝ። የጉዳት ሬቲንጉ (ቪኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ለጉዳቱ የሚሰጠውና የወር ክፍያው የሚወሰንበት ፐርሰንት) ከፍ ሲል በየወሩ የሚጨመርለትን የአምስት ወር ገንዘብ ለአንድ ድርጅት ሊከፍል ተስማምቷል። «ጠበቆች ናቸው?» አልኩት። «እንጃ፣ ግን የቪኤን ነገር ልቅም አድርገው ያውቁታል» አለኝ።

ለቪኤ የገባውን ማመልከቻ አብረን ከፈትነው። ተወካይ ተብሎ የተመዘገበ ማንም የለም። ያዘጋጁት እነሱ ናቸው፣ የፈረመው ግን እሱ ብቻውን ነው፤ ነገ የተጋነነ ወይም የተፈጠረ ነገር ቢገኝበት የሚጠየቀውም እሱ ብቻውን ነው።

እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ፀጉሬ የሸበተው የቪኤ ፋይል ሳገላብጥ ነው። ከሠራዊቱ ለምትወጡ ልጆች አንድ ነገር ብቻ ንገር ብባል ይህንን እላለሁ፦ ስሙን ወረቀቱ ላይ የማይጽፍ ሰው አይርዳችሁ።

ሕጉ ግልጽ ነው። ማመልከቻችሁን ሊያዘጋጅላችሁ የሚችለው ቪኤ እውቅና የሰጠው ሰው ነው፤ ወይ ጠበቃ፣ ወይ የክሌይም ኤጀንት (ጠበቃ ያልሆነ የማመልከቻ ወኪል)፣ ወይ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ተወካይ። የቪኤ የሕግ ክፍል ድረ ገጽ ላይ ስሙን ጻፉና ፈልጉት፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከሌለ የለም ማለት ነው፣ «በሂደት ላይ ነው» የሚሉትን አትስሙ። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ደግሞ ጠበቃም ቢሆን ከእናንተ አምስት ሳንቲም መቀበል አይችልም። ታዲያ እነዚህ ሰዎች እንዴት ይሠራሉ? በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የወንጀል ቅጣቱን አነሳው። በፌዴራል ሕጉ ክልከላው አለ፣ ዱላው ግን የለም።

ለራሴ ገበያ የማይበጅ ነገር ልናገር። መጀመሪያ ወደ ጠበቃ አትሂዱ። ዲኤቪ፣ አሜሪካን ሌጅንና ቪኤፍደብልዩ የተባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት፣ የካውንቲያችሁ የቀድሞ ወታደሮች ቢሮ፣ ሁሉም በነጻ ይሠራሉ፣ የግድ አባል ሁኑ አይሏችሁም። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ተወካይ ፋይል ስለሚበዛበት ስልክ አይመልስም፤ እንደዚያ ከሆነ ሌላ ቀይሩ። ተወካይ እስክታገኙ ቀኑ እንዳያመልጣችሁ ደግሞ ቅጽ 21-0966ን ዛሬውኑ ላኩ። «ክሌይም ላስገባ ነው» ብሎ ከማሳወቅ ያለፈ ነገር የለውም፣ ግን ቀናችሁን ለአንድ ዓመት ይይዝላችኋል። ኋላ የሚከፈላችሁ ገንዘብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል።

ጠበቃ የሚያስፈልገው ውሳኔው ከመጣ በኋላ ነው፣ ሲከለክሏችሁ ወይም ሬቲንጉ ሲያንስ። ይግባኝ ለማለት ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አላችሁ። ክፍያው በጽሑፍ ይሁን፣ የሚታሰበውም ከተጠራቀመው የኋላ ክፍያ ላይ እንጂ ወደፊት በየወሩ ከምታገኙት አይደለም። 20 በመቶና ከዚያ በታች ተገቢ ነው ተብሎ ይገመታል፣ ከ33⅓ በመቶ ከዘለለ ግን ጠበቃው ራሱ ማስረዳት አለበት። አንድ የሙያችንን ጉድ ልጨምር፦ ጉዳዩ በዘገየ ቁጥር የተጠራቀመው ያድጋል፣ የጠበቃውም ድርሻ አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር «ምን ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ። የሚቆጣ ጠበቃ ካጋጠማችሁ ይቆጣ።

በነገራችን ላይ፣ ከ1864 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ድረስ ሕጉ ጠበቃ ከ10 ዶላር በላይ እንዳይቀበል ያግድ ነበር። ወታደሩን ከዘራፊ ለመጠበቅ ነበር፣ ግን በ10 ዶላር ማን ይቆምለታል?

«መቶ ፐርሰንት እናስወስድልሃለን» የሚልን ሰው ደግሞ ሒሳብ ጠይቁት። ለአንዱ ጉዳት 50 በመቶ፣ ለሌላው 30 በመቶ ቢሰጣችሁ ቪኤ ዘንድ 80 አይሆኑም። ከመቶው ላይ 50ው ከተነሳ በኋላ የቀረው 50 ነው፣ 30 በመቶ የሚታሰበው ከዚህ ከቀረው ላይ ነው፣ ያ 15 ይሆናል፣ ድምሩ 65፣ ተጠጋግቶ 70። የሕክምና ፋይላችሁን አንድ ገጽ ሳያነብ መቶ የሚል ሰው ወይ ይህን አያውቅም ወይ እያወቀ ይዋሻል። የቪኤ አካውንታችሁን ፓስወርድ ከጠየቀማ ተነሥታችሁ ውጡ።

ልጁ አሁን ወኪሉ የማኅበር ሰው ነው፣ ክፍያ የለበትም። ድርጅቱ ግን ስለ ውሉ መደወሉን አልተወም። «ስማችሁ ቪኤ ዘንድ በምን ተመዝግቧል በላቸው» አልኩት። ሲደውሉ ጠየቃቸው። «መልሰን እንደውልልሃለን» አሉት።