ኮፒ ፔስት ላሰለቻት እህት፦ ሌላውን ሁሉ ለኤክስቴንሽኑ ስጪው፣ «ሴቭ»ን ግን እንዳትሰጪው

«ገላን ኮንዶሚኒየም ሆኜ ከቤቴ ለአንድ ድርጅት ዕቃ ከኤክሴል ወደ ዌብሳይት እመዘግባለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ኮፒ ፔስት ነው፣ እጄን አመመኝ፣ ፕሮግራሚንግ አልችልም፣ በኤክስቴንሽን በራሱ እንዲሞላ ማድረግ ይቻላል ወይ» ያልሽው እህቴ፣ ይቻላል። ኤክስቴንሽን ማለት ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነው። እኔም ኮድ የሚባል ነገር አልችልም ግን ሰርቼዋለሁ። እዚሁ ጎረቤትሽ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ የምሰራው ቃሊቲ አካባቢ ያለ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ስራዬም ያንቺው ቢጤ ነው፦ የወጣውን ዕቃ ከዴሊቨሪ ኖቱ ላይ እያየሁ አቅራቢው ድርጅት በሰጠን ፖርታል ላይ አንድ በአንድ መሙላት። የዕቃ ኮድ፣ ብዛት፣ የደንበኛው ቲን ቁጥር፣ ቀን፣ ሴቭ። ደግሞ የዕቃ ኮድ፣ ብዛት... ማታ ስተኛ ሁሉ ጣቴ ታብ ይጫን ነበር ብልሽ አታምኚኝም።

ኤክስቴንሽን እንዴት ይጫናል ምናምን አልነግርሽም፣ እሱን ዩቲዩብ ላይ ታገኚዋለሽ። ብቻ ስትፈልጊ አይማክሮስ የሚሉ የድሮ ቪዲዮዎች ይመጡልሻል፣ እለፊያቸው፣ ካምፓኒው ምርቱን አቁሞታል። በፋየርፎክስ የሚያሳዩትን ጥንታዊ ቪዲዮዎችም እንደዛው፣ በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ፋየርፎክስ 57 ሲወጣ የድሮዎቹ ኤክስቴንሽኖች ባንዴ ነው መስራት ያቆሙት። እኔ መጀመሪያ ሴሌኒየም አይዲኢን ሞክሬ ነበር፣ የምታደርጊውን ሪከርድ አድርጎ መልሶ ይሰራዋል፣ ግን እሱ የተሰራው ዌብሳይት ለሚፈትሹ ሰዎች ስለሆነ ከኤክሴል መስመር በመስመር አንብብልኝ ብትይው በራሱ አያውቅበትም። አውቶማ የሚባልም አለ፣ ሳጥን ከሳጥን በመስመር እያገናኘሽ ነው የምትሰሪው፣ ለኔ አልተመቸኝም። የረጋሁት ዩአይ ቪዥን ላይ ነው፣ ሲኤስቪ ፋይል (ከኤክሴል የሚወጣ ተራ የጽሁፍ ሰንጠረዥ) ትሰጪዋለሽ፣ የመጀመሪያውን ኮለም እዚህ ሳጥን፣ ሁለተኛውን እዛ ሳጥን ትይዋለሽ፣ ሉፕ (መስመር በመስመር ድገም) የሚለውን ትጫኛለሽ፣ አለቀ። እስቲ ማንም የማይነግርሽን በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ፈቃዱን አጥብቢው። ኤክስቴንሽን ስትጭኚ «በሁሉም ዌብሳይት ላይ ያለሽን ዳታ ማንበብና መቀየር ይችላል» ይልሻል፣ ሰው ሁሉ ሳያነብ እሺ ይላል። ሁሉም ማለት እኮ ባንክሽም ኢሜይልሽም ማለት ነው። ክሮም ላይ የኤክስቴንሽኑ ዲቴይልስ ውስጥ ገብተሽ ሳይት አክሰስ የሚለውን የምትሰሪበት ዌብሳይት ላይ ብቻ አድርጊው። ይሄን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፣ ግሬት ሰስፔንደር የሚባል ስንቱ ሰው የሚጠቀምበት ኤክስቴንሽን ነበር፣ የሰራው ሰው ለሌላ አሳልፎ ሸጠው፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2021 ጉግል ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) አለው ብሎ አገደው። ትላንት ደህና የነበረ ዛሬ ሊቀየር ይችላል። ሎግኢንሽንም ሪከርድ አታድርጊ፣ ፓስወርድሽ ማክሮው (ሪከርድ ያደረግሽው የትዕዛዝ ዝርዝር) ውስጥ ፊት ለፊት ተጽፎ ይቀመጣል። መጀመሪያ ራስሽ ግቢ፣ ኦቲፒውንም ራስሽ ሙዪ፣ ከዛ ነው ፕሌይ።

2. ኤክሴልሽን ሳታጸጂ እንዳትጀምሪ። ቲን ቁጥር በ00 የሚጀምር ከሆነ ኤክሴል ዜሮዎቹን ይበላቸዋል፣ 10 ዲጂት የነበረው 8 ሆኖ ይገባል። ስልክም እንደዛው፣ የ09ኙ ዜሮ ይጠፋል። 1000 ብሎ የሚጀምረው 13 ዲጂት የባንክ አካውንት ደግሞ ኢ ፕላስ 12 የሚል ጉድ ይሆናል፣ ወደ ሲኤስቪ ስትቀይሪው ያንኑ ያየሽውን ጉድ ነው ሴቭ የሚያደርገው። ስለዚህ ቁጥሩን ከመጻፍሽ በፊት ኮለሙን ቴክስት አድርጊው፣ ከተበላ በኋላ ቴክስት ብታደርጊው አይመለስም። ሴቭ ስታደርጊም ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ምረጪ፣ ተራውን ከመረጥሽ በአማርኛ የተጻፈ የደንበኛ ስም በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ነው የሚገባው። ከዛ ደግሞ ቀን አለ፣ ዴሊቨሪ ኖቱ በኛ አቆጣጠር፣ ፖርታሉ በፈረንጅ፣ ያውም ወሩን ከቀኑ የሚያስቀድም። እዛው ኤክሴል ውስጥ አንድ ኮለም ጨምረሽ ቀይረሽ ጨርሺው፣ ለማክሮው አትተዪለት።

3. ማክሮው ገጹን እንዲጠብቅ ማድረግ። አሁን ዋናው ጋ መጣን፣ ቁጥሩም እዚህ ጋ ያበቃል ምክንያቱም ይሄን ሳነሳ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ማክሮው ገጹን አያይም፣ የተባለውን ሳጥን ይሞላል፣ የተባለውን በተን ይጫናል፣ በቃ። እኛ ሰፈር ኔትወርክ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ገጹ እየዞረ እየዞረ ይቆያል። ስለዚህ እኔ ስሰራው በየመሃሉ ፖዝ 3000 አስገብቼበት ነበር፣ 3 ሰከንድ ማለት ነው፣ ከሴቭ በኋላ ደግሞ «ተመዝግቧል» የሚለው አረንጓዴ ጽሁፍ እስኪመጣ ጠብቅ የሚል ትዕዛዝ። ቀስ ይላል ግን ንጹህ ነበር። የከሰዓት ሙሉ ስራዬን ቡና ሳይፈላ ጨርሼ ቁጭ እል ነበር፣ ሰዎቹ እንዴት ነው ይሄ ልጅ እያሉ ይገረሙ ነበር።

ከዛ እረፍት ወጣሁ። የመጋዘኑ ባለቤት የእህት ልጅ አለ፣ ኮምፒውተር እችላለሁ የሚል፣ የኔን ላፕቶፕ ከፈተና «ይሄ ነገር ኤሊ ነው» ብሎ ፖዞቹን በሙሉ አጠፋቸው፣ ጠብቅ የሚለውንም አብሮ። የዛን ቀን ደግሞ ኔትወርኩ ሞቶ ነበር። ገጹ ሳይጸዳ ማክሮው ቀጣዩን መስመር ይጽፋል፣ ያለፈው ብዛት ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ሴቭ ይጫናል፣ ግማሹ ሁለቴ ገባ፣ ግማሹ የአንዱ ደንበኛ ብዛት በሌላው ላይ ገባ። ስመለስ ፖርታሉ ላይ ያለን ስቶክ ከዜሮ በታች ሆኗል። አቅራቢው የብድር ጣሪያችንን የሚያሰላው ከዛ ላይ ስለሆነ ጭነቱን አቆመው። ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ባክአፕ መያዝ ነበረብህ»። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አጥፍቶ እንደገና ማስገባት ነዋ ትይኝ ይሆናል። እኛ ማስገባት እንጂ ማጥፋት አይፈቀድልንም! ማጥፋት የሚችለው መሃል ከተማ ያለው የአቅራቢው ቢሮ ነው። ከቱሉ ዲምቱ በጠዋት ሰልፍ ይዘሽ ሁለት ታክሲ ቀይረሽ ትደርሻለሽ፣ ዘበኛው ቀጠሮ አለህ ይልሻል፣ የለኝም ካልሽ እዛው ጸሀይ ላይ። እንደምንም ገባሁ። ደብል የገቡትን በሙሉ በቢጫ ቀልሜ በፍላሽ ይዣለሁ፣ ልጅቷ ቀና ብላም ሳታየኝ «ደብዳቤ» አለችኝ። ደብዳቤ ይዤ ተመለስኩ፣ ማህተም የለውም። ማህተም አስመትቼ መጣሁ፣ ለአይቲ ነው የተጻፈው ለፋይናንስ መሆን ነበረበት። ለፋይናንስ አጽፌ ሄድኩ፣ ፋይናንስ ደግሞ ይሄ የአይቲ ነው አሉኝ፣ የአይቲው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባው አያልቅም እንዴ! እዚህ ጭነት ቆሟል፣ ደንበኛ እየደወለ ይሳደባል፣ እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ የሻይ ትሪ ሲገባ ሲወጣ አያለሁ።

በመጨረሻ ኃላፊው ሲገኙ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ሮቦት ነው እንዴ የምትጠቀሙት? ይሄ አካውንት መዘጋት አለበት» ሆነ። እኔም አልተውኩም፣ ጌታዬ ስገባ በራሴ ፓስወርድ ነው፣ ያልተፈቀደልኝን ገጽ አልነካሁም፣ እርስዎ ፖርታል ላይ አንዱን ዕቃ ለማስገባት ይሄን ሁሉ ክሊክ ማድረግ ስላለብኝ ነው አልኳቸው። እዛ ጥግ ላይ የተቀመጠ ወጣት የአይቲ ልጅ ነበር፣ እሱ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ ምን አለ መሰለሽ፣ «ኤክሴሉን ባንዴ አፕሎድ ማድረግ ትችሉ ነበር እኮ፣ ሜኑው አለ፣ ለናንተ አልተከፈተላችሁም እንጂ»። ለምን አልነገራችሁንም ስለው «ማን ጠየቀ» አለኝ። ማን ጠየቀ! ስንት ወር ጣቴን የፈጀሁት ማንም ስላልጠየቀ ነው። ለመክፈትም ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባለ፣ እሱንም ባለማህተም አጽፌ ወሰድኩ፣ ተከፈተልን።

ስለዚህ አንቺም ምንም ሪከርድ ከማድረግሽ በፊት ያሰራሽን ድርጅት «ኢምፖርት ወይም ባልክ አፕሎድ (ፋይሉን ባንዴ መጫኛ) የሚል አለ ወይ፣ ለኔ አካውንት ይከፈትልኝ» ብለሽ ጠይቂ። ሜኑው ላይ ካላየሽው የለም ማለት አይደለም። በዛው ማክሮ መጠቀምሽንም ንገሪያቸው፣ አንዳንዱ ቦታ በውላቸው ይከለክላሉ፣ በኋላ ሮቦት ሮቦት ከሚሉሽ አስቀድመሽ አሳውቂ።

ኤክስቴንሽኑን ግን አልጣልኩትም። ተመላሽ ዕቃ በአፕሎድ አይገባም፣ እሱን እስከዛሬ በማክሮ ነው የምሞላው፣ አሁን ግን እንዲህ አድርጌ፦ ሪከርድ ሲያልቅ የመጨረሻውን ክሊክ፣ ማለትም ሴቭ የሚጫነውን መስመር፣ አጠፋሁት። ማክሮው ሁሉንም ሳጥን ሞልቶ ይቆማል፣ እኔ በአይኔ ገረፍ አድርጌ ሴቭን ራሴ እጫናለሁ፣ እሱ «ተመዝግቧል» የሚለውን ሲያይ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሄዳል። የሚጠብቅበትን ጊዜ ግን ረዘም አድርጊለት፣ እንዳለ ከተውሽው አንቺ ስልክ ስታነሺ እሱ ኤረር ብሎ ይቆማል። አንድ ክሊክ ብቻ ነው የሚቀርሽ፣ እጅሽን አያምሽም።

ሌላ ትንንሽ ነገር። ሪከርድ ሲያደርግ የሳጥኑን መለያ ይይዛል፣ መለያው ውስጥ ረጅም ቁጥር ካየሽ ነገ ገጹ ሲከፈት ሊቀየር ይችላል፣ ከጎኑ ያለውን ዝርዝር ከፍተሽ «name=» ብሎ የሚጀምረውን ምረጪ። የምትሰሪበትን ታብ በሌላ ታብ አትሸፍኚው፣ ክሮም የተደበቀ ታብን ሆን ብሎ ያዘገየዋል፣ ለብቻው ዊንዶው አውጥተሽ አስቀምጪው። መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ቢጠፋ እንደገና ከመስመር 1 አትጀምሪ፣ ሉፑ ከስንተኛው መስመር ይጀምር ብሎ ይጠይቅሻል፣ ፖርታሉ ላይ የመጨረሻውን የገባውን አይተሽ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ሙዪ። መጀመሪያ ላይም በ3 መስመር ሞክሪው፣ ሙሉውን ፋይል እንዳትለቂው።

ላፕቶፑን ደግሞ ፓስወርድ አድርጊበት፣ ቤትሽ ውስጥ የእህት ልጅ ባይኖርም። የምትሞዪው ፎርም ላይ ከላይ በቀኝ በኩል ሦስት ነጥብ ወይም ቀስት ያለበት በተን ካለ ስክሪንሾት አድርገሽ ላኪልኝ፣ የደንበኛ ስም ግን ሸፍኚው፣ አይቼ ኢምፖርት መሆን አለመሆኑን እነግርሻለሁ።